አርባ ፎቶ ልኬ ለምን «ማስረጃው አይበቃም» ተባልኩ?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ለሁለት ቀን ከቤት ርቀን ስንመለስ የወጥ ቤቱ ሲንክ ሥር ያለው ፍሌክሲብል (ተጣጣፊ የውኃ ቱቦ) ፈንድቶ ወጥ ቤቱን፣ ኮሪደሩንና አንዱን መኝታ ቤት ውኃ ሞልቶት አገኘነው። ወንድሜ ‹ቶሎ እናጽዳ› ሲል ባለቤቴ ‹የኢንሹራንስ ሰው ሳያየው ምንም እንዳይነካ› አለች። በስልኬ አርባ ያህል ፎቶ አንስቼ ላክሁ። ምንጣፉ ስለሸተተ ጣልነው። ቧንቧ ሠራተኛው የፈነዳውን በአዲስ ቀይሮ አሮጌውን ይዞት ሄደ። አሁን ኩባንያው ‹ማስረጃው በቂ አይደለም፤ ውኃው ለረጅም ጊዜ ሲያፈስ የቆየ ሊሆን ይችላል› ብሎ ጻፈልኝ። አደጋው ከደረሰ አምስት ቀን ሆኖታል። ከዚህ በኋላ ምን ማድረግ እችላለሁ?»

ይህን አንብበው ሳይጨርሱ ለቧንቧ ሠራተኛው ይደውሉ። ከአርባው ፎቶ የሚበልጠው ማስረጃ አሁን እሱ ቦርሳ ውስጥ ወይም ከቁርጥራጭ ብረት ጋር አንድ ጥግ ተጥሎ ይሆናል። ፍሌክሲብል ውስጡ ጎማ ወይም ፕላስቲክ፣ ላዩ በቀጭን ሽቦ የተሸመነ ነው። ሽቦው እየዛገ ሲበጣጠስ ውስጡ ያለው ጎማ የውኃውን ግፊት ብቻውን መሸከም ያቅተውና በአንድ ጊዜ ይተረተራል፤ አለዚያም ጫፉ ላይ ከተጨመቀበት ብረት ተስፈንጥሮ ይወጣል። እንዲህ የፈነዳ ዕቃ አፉን የከፈተ ስንጥቅ ይኖረዋል። ማጥበቂያ ዳዶው ላልቶ ወይም ጎሚኒው (የመጋጠሚያው ጎማ) አርጅቶ ለወራት ሲንጠባጠብ የኖረ ከሆነ ግን መጋጠሚያው ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ቅርፊት ይጋገርበታል። ፋይልዎን የያዘው ገማች (ጉዳቱን መርምሮ ለኩባንያው የሚገምተው ባለሙያ) ማወቅ የሚፈልገው ይህንኑ ነው፤ ፈነዳ ወይስ ሲያፈስ ነበር?

ዕቃውን ካገኙት አይጠቡት፣ አይወልውሉት፣ «ውስጡን ልየው» ብለውም አይቁረጡት። በፕላስቲክ ከረጢት ያድርጉትና ማን፣ መቼ፣ ከየት እንደፈታው በወረቀት ጽፈው አብረው ያሽጉት። ገማቹ ሲረከብዎት የተቀበለበትን ወረቀት ያስፈርሙት። ኩባንያው ካሳ ከከፈለ በኋላ ዕቃውን ባመረተው ወይም በገጠመው ላይ ዞሮ ሊጠይቅ ስለሚችል እሱም ይፈልገዋል። ዕቃው ከጠፋ ደግሞ ሠራተኛው ያየውን በጽሑፍ ይስጥዎት። «የቧንቧ ጥገና» የሚል ደረሰኝ ምንም አይናገርም። «ከሲንኩ ሥር ያለው የቀዝቃዛ ውኃ ፍሌክሲብል መሐሉ ላይ ተተርትሮ አገኘሁት፤ ቀየርኩት» የሚል፣ ቀንና ፊርማ ያለበት አንድ መስመር ግን ብዙ ይናገራል። ያላየውን እንዲጽፍ ግን አይጫኑት።

የኩባንያው ደብዳቤ ከባድ ቢመስልም የተንጠለጠለው በአንድ ነጥብ ላይ ነው። አብዛኛው የቤት ኢንሹራንስ ውል ድንገተኛና ያልታሰበ የውኃ ጉዳትን ይሸፍናል፤ ከእርጅናና ቀስ በቀስ ከመስረግ የሚመጣውን አይሸፍንም። ከውጭ በጎርፍ የሚገባ ውኃ ደግሞ ብዙ ጊዜ ለብቻው የሚገዛ ሽፋን ይጠይቃል። ስለዚህ ዕቃዎ እንደረጠበ ማሳየት ብቻውን አያስከፍልም። ውኃው ከየት እንደመጣ፣ በየት በኩል እንደሄደ፣ ምን እንደነካና መቼ እንደነካ የሚያያይዝ ሰንሰለት ያስፈልጋል። የእርስዎን ፎቶዎች ሳላያቸው ብገምት አብዛኞቹ የረጠበ ወለልና ያበጠ ቁም ሣጥን የሚያሳዩ ናቸው፤ ለረጅም ዓመታት በዚህ ሥራ ስቆይ የደረሱኝ ፎቶዎች አብዛኞቹ እንደዚያ ነበሩ። ቁም ሣጥኑ ማበጡን ማንም አይክድም። የቱ ክፍል ያለ ቁም ሣጥን እንደሆነ፣ ከሲንኩ ምን ያህል እንደሚርቅ፣ መካከል ላይ ያለው ወለል ረጥቦ እንደነበረ ግን ከፎቶው አይታወቅም።

ገማች አንድ ቤት ሲገባ ዓይኑ የሚያርፍባቸው ነገሮች አሉ። እርስዎም በእሱ ዓይን ሲንክዎ ሥር ጎንበስ ብለው ይመልከቱ። የቁም ሣጥኑ ወለል ቺፕውድ ከሆነ በሁለት ቀን ውኃ ማበጡና ጠርዙ መፈርፈሩ ያለ ነገር ነው። በጣት ሲጫኑት እንደ እርጥብ አፈር የሚናድ፣ የጠቆረና የበሰበሰ ከሆነ ግን ይህ የሁለት ቀን ሥራ አይደለም። አንዱ ቀለበት በሌላው ውስጥ የተሳለበት ቡናማ እድፍ ደጋግሞ የረጠበና የደረቀ ቦታ ምልክት ነው። በግድግዳ ላይ እንደ ዱቄት ብን የሚል ነጭ ጨው፣ እስከ ሥሩ የዛገ ምስማር፣ እነዚህም የቆየ እርጥበት ይመሰክራሉ። ሻጋታ ግን ብቻውን ምስክር አይሆንም። እርጥብ በሆነ ጂፕሰም ወይም ጨርቅ ላይ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ማደግ ሊጀምር ስለሚችል፣ በአምስተኛው ቀን ሻጋታ መታየቱ ብቻ የቆየ ፍሳሽ ነበር አያሰኝም። ደብዳቤው ላይ በሻጋታ ተመርኩዘው ከሆነ ይህንኑ በጨዋ ቋንቋ መልሰው ይጻፉላቸው።

የቆየ ምልክት ካገኙ ደግሞ አይሸፍኑት፣ ቀለምም አይቀቡት። ፎቶ ያንሱትና «ይህ እድፍ ከዚህ አደጋ በፊት የነበረ ነው፤ የምጠይቀው ለዚህ አይደለም» ብለው ራስዎ ለኩባንያው ያሳውቁ። ሸፍነው ቢያዙ የሚወድቀው ያ እድፍ ብቻ አይደለም፤ ብዙ ውሎች ማጋነንና መደበቅ ከተገኘ ጥያቄውን በሙሉ ውድቅ የሚያደርግ አንቀጽ አላቸው።

ድንገተኛ መሆኑን ለማስረዳት እጅዎ ላይ ያለው ጥሩ መሣሪያ ሒሳብ ነው። አንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ውኃ ቢቆም አንድ ሊትር ነው። ውኃ የቆመበት ወለል 20 ካሬ ሜትር፣ ከፍታው 3 ሴንቲ ሜትር ከነበረ 600 ሊትር ቆሞ ነበር ማለት ነው፤ በበር ሥር የወጣውንና ግድግዳው የጠጣውን ሳንቆጥር። በየሴኮንዱ አንዴ ጠብ የምትል ጠብታ ቀኑን ሙሉ ብትወርድ ሃያ ሊትር ገደማ ብትደርስ ነው። በዚህ ሒሳብ 600 ሊትር ለማጠራቀም አንድ ወር ይፈጅባት ነበር፤ እስከዚያ ደግሞ ከፊሉ ይተናል፣ ከፊሉም ይሰርጋል። ሁለት ቀን ብቻ የተዘጋ ቤት ውስጥ ያን ያህል ውኃ የሚያቆመው የተከፈተ ቧንቧ እንጂ ጠብታ አይደለም። የውኃ ቆጣሪዎን የዛሬ ንባብ ከነቁጥሩ ፎቶ ያንሱ፤ የቀደሙትን ወራት ቢሎች ደርድረው ያያይዙ። ፍጆታው ለወራት ተመሳሳይ ሆኖ በዚህ ወር ብቻ ከዘለለ፣ «ለረጅም ጊዜ ሲያፈስ ነበር» ለሚለው ግምት መልሱ እዚያ ውስጥ አለ። ከዚያ የጊዜ ቅደም ተከተሉን በአንድ ገጽ ይጻፉ፦ ወለሉን ደረቅ ሆኖ ለመጨረሻ ጊዜ ያየው ማን ነው፣ በስንት ሰዓት ወጣችሁ፣ በስንት ሰዓት ገባችሁ፣ ዋናው ቫልቭ በስንት ሰዓት ተዘጋ። የጉዞ ቲኬት፣ የጎረቤት ቃል፣ ከመሄዳችሁ በፊት ወጥ ቤት ውስጥ የተነሳ ማንኛውም ፎቶ ይህን ይደግፋል።

ወንድምዎና ባለቤትዎ የተከራከሩበትን በተመለከተ ሁለቱም ግማሽ ግማሹን ይዘዋል። ውሎች ባጠቃላይ መድን ገቢው ጉዳቱ እንዳይባባስ የሚቻለውን እንዲያደርግ ያስገድዳሉ። ገማች እስኪመጣ ብሎ ውኃው ውስጥ ሳምንት መቆየት ራሱ ካሳ የሚያስቀንስ ጥፋት ሊሆን ይችላል። ውኃ ማስወጣት፣ መስኮት መክፈት፣ ማራገቢያ መከራየት ተገቢ ወጪ ነው፤ ደረሰኙን ይያዙ፣ ቤተሰቡ ራሱ የሠራበትንም ሰዓት ይመዝግቡ። መጀመሪያ አንድ ሰዓት ለማስረጃ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ለማድረቅ ቢሆን ሁለቱም ይስማሙ ነበር። በእርግጥ ከሁሉ በፊት መብራት አለ። ውኃ ሶኬት ከደረሰ፣ ወይም ብሬከሩ ጋ ለመድረስ ውኃ ውስጥ መቆም ግድ ከሆነ፣ ባለሙያ ሳያጠፋው ፎቶም ሆነ ጽዳት የለም።

ያቺ አንድ ሰዓት ምን እንደምትመስል አንድ ነገር ቀረብ ብዬ ላሳይዎት፤ ግድግዳው ላይ የቀረውን የውኃ መስመር። ውኃው ሲወርድ በቀለሙ ላይ ቀጭን የቆሻሻ ክር ትቶ ይሄዳል፤ ሲደርቅ ይደበዝዛል፣ ሲወለወል ይጠፋል። ከመጥፋቱ በፊት በእርሳስ ከጎኑ ትንሽ ሰረዝ ያድርጉና ቀኑንና ሰዓቱን ይጻፉ። ሜትሩን ዜሮው ወለሉን እንዲነካ አቁመው ይያዙ። አሁን ይንበርከኩ፤ ስልኩ ከመስመሩ ጋር እኩል ከፍታ ላይ መሆን አለበት። ቆመው ወደ ታች ካነሱት ሜትሩ ላይ ያለው ቁጥር ከመስመሩ ጋር አይገጥምም፣ ሦስቱ ሴንቲ ሜትር ሁለትም አራትም ይመስላል። ከዚያ እዚያው እንዳሉ ሁለት እርምጃ ወደኋላ ብለው ሜትሩ፣ በሩና የወለሉ ጥግ አብረው የሚታዩበትን ያንሱ፤ በመጨረሻም ከክፍሉ ማዶ ጥግ ሆነው ሙሉውን። ሦስቱ ፎቶ ጎን ለጎን ሲቀመጡ የትኛው ክፍል፣ የትኛው ግድግዳ፣ ስንት ሴንቲ ሜትር የሚለውን ያለ ማብራሪያ ይናገራሉ። በየክፍሉ አንድ እንዲህ ያለ ሦስትዮሽ ካለ አርባው ቀርቶ ለሦስቱ ክፍል ዘጠኙ ይበቃል።

ሰው ሁሉ የሚረሳው ደግሞ ደረቁን ማንሳት ነው። ውኃው የቆመበትን ድንበር፣ ያልረጠበውን ሳሎን፣ ከቧንቧው በላይ ያለውን ደረቅ ኮርኒስ ያንሱ። ኮርኒሱ ደረቅ መሆኑ ውኃው ከጣራ አለመምጣቱን፣ የውጭው በር ደፍ ደረቅ መሆኑ ጎርፍ አለመሆኑን ያሳያል። ቪዲዮም ከያዙ ሳይቆርጡ ከውጭ በር ተነሥተው እስከ ፈነዳው ቦታ፣ ከዚያ ውኃው በሄደበት መንገድ እስከ መኝታ ቤቱ ይሂዱ፤ እየሄዱ ያዩትን ይናገሩ፤ መላ ምት ግን አይናገሩ።

እነዚያን አርባ ፎቶዎች እንዴት እንደላኳቸው አልነገሩኝም። በዋትስአፕ ወይም በቴሌግራም እንደ ተራ ፎቶ ከሆነ የላኩት፣ መተግበሪያው ይጨምቃቸዋል፤ ፎቶው በየትኛው ቀንና ሰዓት እንደተነሳ የሚይዘውን የተደበቀ መረጃም አብሮ ያራግፋል። ዋናዎቹ ስልክዎ ላይ ካሉ አይንኳቸው፣ ብርሃንም አይጨምሩባቸው። ሌላ ቦታ ገልብጠው ያስቀምጡ፤ ቀስትና ጽሑፍ መጨመር ካሻዎት ግልባጩ ላይ ይጨምሩ። ለኩባንያው ዋናዎቹን በኢሜይል አያይዘው ወይም በፋይል መልክ እንደገና ይላኩ። «አይበቃም» ከተባሉት ጥቂቶቹ በዚህ ብቻ የሚበቁ ሊሆኑ ይችላሉ።

አምስት ቀን ስላለፈ ሁሉም አልደረቀም። ውኃ በልስንና በጂፕሰም ውስጥ እንደ ፋኖስ ክር ወደ ላይ ይሳባል፤ ሦስት ሴንቲ ሜትር የቆመ ውኃ ግድግዳውን ከዚያ ብዙ ከፍ ብሎ ሊያረጥበው ይችላል። የእርጥበት መለኪያ ያለው ባለሙያ ያስመጡና አንድ ግድግዳ ላይ በ10፣ በ30፣ በ60 እና በ90 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ነጥብ አድርጎ በየቀኑ ያንኑ ቦታ ይለካ። አብሮም ያልረጠበ ክፍል ውስጥ ተመሳሳይ ዓይነት ግድግዳ ይለካ፤ ሁለት ፒን ያለው መለኪያ ትክክለኛ መቶኛ የሚሰጠው ለእንጨት ነው፣ ጂፕሰም ላይ የሚያሳየው ቁጥር ትርጉም የሚኖረው ከደረቁ ጋር ሲነጻጸር ብቻ ነው። ቤት ውስጥ ያለ እንጨት እንደ አየሩ ሁኔታ ከ8 እስከ 12 በመቶ አካባቢ ይሆናል፤ ከ20 በመቶ በላይ ከቆየ የመበስበስ ስጋት አለ። ዞኮሎውን (በግድግዳው ግርጌ የሚሄደውን ጠርዝ) አንድ ቦታ ላይ ነቅለው ከኋላው ያለውን ያንሱ። ሲሚንቶ ወለሉ መድረቁን ለማየት መሣሪያ ከሌለ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሚሆን ንጹሕ ላስቲክ ዙሪያውን በፕላስተር ለጥፈው ለ16 ሰዓት ያህል ይተዉት፤ ከሥሩ ላብ ከያዘ ወይም ወለሉ ከጠቆረ ውስጡ ገና ነው። ይህንንም ከነሰዓቱ ያንሱት።

ምንጣፉ ስለ ተጣለ እጅ አይስጡ። መጣሉን ራስዎ አስቀድመው በጽሑፍ ያሳውቁ፣ ምክንያቱንም ይግለጹ። ከዚያ መኖሩን ያስረዱ፦ የግዢ ደረሰኝ፣ የባንክ እንቅስቃሴ፣ ካልሆነም የድሮ ፎቶ። ልጆች ሲጫወቱ ወይም እንግዳ መጥቶ የተነሣ ፎቶ ሥር ምንጣፉ ተዘርግቶ ይገኛል፤ ሰው ፊቶቹን ብቻ ስለሚያይ እዚያ ማስረጃ እንዳለ ልብ አይልም። ከቁም ሣጥን እግር ሥር የቀረ ቁራጭም ይረዳል። ከእንግዲህ የሚጣል ነገር ካለ ግን አስቀድመው ይጻፉላቸው፦ «እነዚህ ዕቃዎች ለጤና ስለሚያሰጉ በዚህ ቀን እጥላቸዋለሁ፤ ማየት ከፈለጋችሁ ከዚያ በፊት ኑ።» ከእያንዳንዱ የእጅ መዳፍ የምታክል ናሙና ቆርጠው ያስቀምጡ። ከፍሳሽ መስመር የተመለሰ ውኃ የነካውን ጨርቅና ፍራሽ ግን ለናሙናም ቢሆን ቤት ውስጥ አያቆዩ፤ ፎቶው ይበቃል።

የዕቃ ዝርዝሩን ከበሩ ጀምረው እንደ ሰዓት አቅጣጫ ክፍሉን እየዞሩ ይጻፉ፤ እንዲያ ሲሆን የሚዘለል አይኖርም። ስም፣ ሞዴል፣ መለያ ቁጥር፣ የተገዛበት ዓመትና ዋጋ፣ ማስረጃው። ዕድሜውን በትክክል ይጻፉ፤ ውልዎ የሚከፍለው አዲስ የመግዣ ዋጋ ነው ወይስ የእርጅና ቅናሽ የተቀነሰለት የሚለው እዚህ ላይ ልዩነት ያመጣል። አሥር ዓመት ያገለግላል ተብሎ የሚታሰብ ዕቃ አራት ዓመት ካገለገለ፣ በቀጥተኛው ስሌት የሚቀረው ዋጋ 60 በመቶ ነው። ረጥቦ የነበረ ማቀዝቀዣ ወይም ቴሌቪዥን «ይሠራ እንደሆን» ብለው አያብሩት፤ የመብራት ባለሙያ መርምሮ ይጻፍልዎ። የረጠቡ መጻሕፍትና ወረቀቶች ካሉ በላስቲክ ጠቅልለው ማቀዝቀዣው ውስጥ ሳይሆን ፍሪዘር ውስጥ ማድረግ ሻጋታውን ያስቆመዋል፤ በኋላ ቀስ ብለው ያደርቋቸዋል።

ለደብዳቤው መልስ ሲጽፉ አይከራከሩ፤ ይጠይቁ። የትኛውን የውሉን አንቀጽ ጠቅሰው እንደሆነ፣ «የቆየ» ያሰኛቸው የትኛው ምልክት እንደሆነና ምን ተጨማሪ ማስረጃ እንደሚፈልጉ በጽሑፍ ይንገሩዎት። የገማቹ ሪፖርት ካለ ግልባጩን ይጠይቁ። በስልክ ያወሩትን ሁሉ ከማን ጋር፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ተባለ ብለው ይመዝግቡ፤ ስልኩን እንደዘጉም «ዛሬ የተነጋገርነው ይህ ነው» ብለው አጭር ኢሜይል ይስደዱ። አንድ የማውቀው ሰው መጀመሪያ ቀን በድንጋጤ «ምናልባት ሲያፈስ ቆይቶ ይሆናል» ያለው ቃል ተመዝግቦ ኖሮ፣ እሱን ለማስተካከል ወራት ፈጅቶበታል። ሲንኩ ሥር ሳያይ ነበር ያን የተናገረው።

መኝታ ቤቱ ፓርኬ ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር ይጠብቁ። ከሥሩ የረጠበ እንጨት ጠርዝ ጠርዙ ከፍ፣ መሐሉ ዝቅ ብሎ እንደ ገበታ ይጎደጉዳል፤ ይህ ብዙ ጊዜ ከቀናት በኋላ ነው በግልጽ የሚታየው። ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ተላግቶ ቢስተካከል ሲደርቅ መሐሉ ያብጣል። ስለዚህ ማንም ሠራተኛ አሁኑኑ እንዲልገው አይፍቀዱ፤ ኩባንያውም ተለሳልሶ የመጨረሻና ሙሉ ክፍያ የሚል ወረቀት ይዞ ቢመጣ የወለሉ ንባብ ሳይረጋ አይፈርሙ። ክፍያው ለተረጋገጠው ጉዳት ብቻ መሆኑንና የወለሉና የግድግዳው ጥያቄ ክፍት መሆኑን የሚገልጽ መስመር ከገባበት ግን ገንዘቡን መቀበል ይችላሉ። መለኪያው በተከታታይ ለጥቂት ቀናት አንድ ዓይነት ቁጥር ሲሰጥና እሱም ከደረቀው ክፍል ንባብ ጋር ሲቀራረብ፣ ያን ጊዜ የወለሉን ግምት አናጢ በጽሑፍ ይስጥዎት።